ኤሊ ድንጋይዋን ለምን ለበሰች?

በየትኛውም ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ «ኤሊ ድንጋይዋን ለምን ለበሰች?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥቂት እንኳ ሳያመነታ «ከጠላት ለመዳን ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መምህሩም «ደኅና» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል፤ ተማሪው ነጥቡን ያገኛል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይኸ መልስ ለግማሹ ጥያቄ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ለመከራከር ነው። አንድ ነገር ዛሬ የሚሰጠውን ጥቅም መናገርና ያ ነገር ከየት እንደ መጣ መናገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጅብ ቢመጣባት ኤሊ አንገቷን ሰብስባ በድንጋይዋ ውስጥ መሸሸግዋ እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ሲጀመር የተጀመረው ለዚህ ነውን? ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ከቻይና፥ ከጀርመንና ከደቡብ አፍሪካ ምድር የወጡት አጥንቶች ሲመረመሩ የሚሰጡት መልስ «አይመስልም» የሚል ነው።

የጥንት ግሪኮች ለዚህ ነገር ተረት ነበራቸው። በኤዞፕ ስም ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ እንደሚለው፥ የአማልክት አለቃ የነበረው ዜውስ ሰርግ ደግሶ እንስሳትን ሁሉ ሲጠራ ኤሊ ብቻ ቀረች። ምክንያቱን ቢጠይቃት ከቤቷ የሚበልጥባት እንደሌለ ነገረችው፤ እርሱም ተቆጥቶ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ እንድትኖር ፈረደባት ይባላል። ተረት ተረት ነው። ይሁን እንጂ ይኸ ተረት ከክፍላችን መልስ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ኤሊ ድንጋይ ያልነበራት ዘመን መኖሩን ያስባል፤ «ምን ሆና ለበሰችው?» ብሎም ይጠይቃል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ድንጋይ የምንለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ብዙ ሰው የኤሊ ድንጋይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ከሰውነቷ ውጭ የተደረበ ልብስ ይመስለዋል። ለልጆች በሚሠሩት የሥዕል ፊልሞችም ኤሊዋ ድንጋይዋን እንደ ካፖርት አውልቃ ስትሮጥ ይታያል። ይህ ከቶ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ድንጋዩ ራሱ አጥንቷ ነውና። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ አጥንቶች እንደ ግንብ ድንጋይ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጣጥመው የሠሩት ቤት ነው። የላይኛው ክፍል በአብዛኛው የጀርባዋ አከርካሪና የጎድን አጥንቶቿ ወደ ጎን ሰፍተውና ተያይዘው የወጡት ሰሌዳ ነው፤ የታችኛው የሆድ ሰሌዳ ደግሞ ከአንገት ግርጌ እስከ ትከሻ ከሚጋደሙት አጥንቶችና በብዙ ጥንታውያን ተሳቢ እንስሳት ሆድ ላይ ከሚገኙት ቀጫጭን የሆድ ጎድኖች የመጣ ነው። ሁለቱ በግራና በቀኝ በአጥንት ድልድይ ይገናኛሉ። በዚህ ሁሉ ላይ ከጥፍርና ከቀንድ ጋር አንድ ባሕርይ ያላቸው ገበታዎች ተነጥፈውበታል፤ እኛ ከውጭ የምናየው ያንን ነው። ድንጋዩ ቢሰበር ይደማል፤ ሲነካም ኤሊዋ ታውቀዋለች። ኤሊን ከድንጋይዋ ማውጣት ማለት ሰውን ከጎድኑና ከጀርባው አጥንት ማውጣት ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። አንባቢ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ የትከሻውን ሰሌዳ ቢዳስስ፥ ከጎድን አጥንቶቹ በላይ ተጋድሞ ያገኘዋል። የፈረስም፥ የዶሮም፥ የእንሽላሊትም እንደዚሁ ነው። በኤሊ ብቻ የትከሻው አጥንት ከጎድኖቹ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። አከርካሪ ካላቸው እንስሳት መካከል ይኸን የመሰለ ሌላ የለም። አንድ ሰው በኮቱ ላይ ሸሚዙን ለብሶ ቢመጣ እንደምንደነቅ፥ የአጥንት ሊቃውንትም በዚህ ነገር ሁለት መቶ ዓመት ሲደነቁ ኖረዋል። የኤሊን ድንጋይ አመጣጥ እናስረዳለን የሚሉ ሁሉ ይኸንን የትከሻ እንቆቅልሽ ሳይፈቱ ማለፍ አይችሉም።

ሊቃውንቱ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ወገን የሚለው፥ ድንጋዩ የመጣው ከቆዳ ነው። የአዞ ጀርባ በቆዳው ውስጥ በበቀሉ አጥንቶች የተጠበቀ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖረው አርማዲሎ የሚባለው አውሬም ጥሩሩ የተሠራው ከቆዳ አጥንት ነው፤ ጎድኖቹ ግን ከሥሩ እንደ ማንኛውም አውሬ ጎድኖች ሆነው ቀርተዋል። የኤሊም ቅድመ አያት እንዲሁ በቆዳው ላይ ትናንሽ የአጥንት ጠጠሮች አብቅሎ፥ ጠጠሮቹ እየሰፉ ከተያያዙ በኋላ ወደ ውስጥ ወርደው ከጎድኑ ጋር ተጣበቁ ይላሉ። በ1990ዎቹ ዓመታት ማይክል ሊ የተባለው ተመራማሪ ጀርባቸው በቆዳ አጥንት የተነጠፈ ፓሪያሳውር የሚባሉ ጥንታውያን እንስሳት የኤሊ ዘመዶች ናቸው ብሎ በብርቱ የተከራከረው በዚህ መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ሁለተኛው ወገን ግን «የለም፤ ድንጋዩ ከመጀመሪያውም የጎድን አጥንት ነው፤ ጎድኑ ራሱ ሰፋ እንጂ ከላይ የወረደበት ነገር የለም» ይላል።

ልብ በሉ፥ የመጀመሪያው አስተያየት ከክፍላችን መልስ ጋር እጅግ የተስማማ ነው። ለመከላከያ ሲባል ጠጠር፥ ጠጠሩ ሲበዛ ጋሻ፥ ጋሻው ሲጠነክር ድንጋይ። ጥሩ ሆኖ የተሰካካ ታሪክ ነው። ጥሩ ሆኖ የተሰካካ ታሪክ ግን ሁልጊዜ መጠርጠር አለበት።

ክርክሩን ለመፍታት አንዱ መንገድ በእንቁላል ውስጥ ያለውን ሽል መመልከት ነው። በ1989 አን በርክ የተባሉት ተመራማሪ እንዳሳዩት፥ በኤሊ ሽል ጎን ላይ አንድ የተለየ ዘቦ ይታያል፤ በሌሎች እንስሳት ሽል ጎድኖቹ ወደ ታች ታጥፈው ደረትን ሲከብቡ፥ በኤሊ ሽል ግን ወደዚያ ዘቦ አቅጣጫ ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ። የጃፓኑ ሺጌሩ ኩራታኒና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2009 የቻይናን ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ሽል ከዶሮና ከአይጥ ሽል ጋር አስተያይተው፥ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የትከሻው አጥንት በጎድኖቹ ሥር ተሸፍኖ እንደሚቀር ገለጡ። ስለዚህ ትከሻው ተጉዞ ወደ ጎድን ውስጥ አልገባም፤ ጎድኑ ነው በላዩ ላይ እንደ ጣራ የተዘረጋበት። ከ2013 ጀምሮም የዚሁ ቡድን ሰዎች የጀርባው ሰሌዳ ከጎድኑ ራሱ እየሰፋ የሚያድግ እንጂ ከቆዳ የሚወርድ አለመሆኑን በማስረጃ አቅርበዋል። የቆዳ አጥንት ወገኖች በዚህ ብዙ ተጎዱ።

ሽል ግን ሽል ነው፤ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይመሰክርም። ምስክሩ ወደ ድንጋይነት የተለወጠው የጥንት አጥንት ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ነገሩ ለረጅም ዘመን ጨለማ ነበር። ጌዮርግ ባውር በ1887 ስም ያወጣለት፥ በጀርመን አገር የተገኘው ፕሮጋኖኬሊስ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቢሆንም፥ ድንጋዩ ከላይም ከታችም ሙሉ ነው። አንገቱን ማስገባት አይችልም ነበር፤ በላንቃውም ላይ ጥርሶች ነበሩበት፤ ቢሆንም ማንም ሰው አይቶት «ይህ ኤሊ ነው» ከማለት አይመለስም። ከእርሱ በፊት የነበረው አልታወቀም። ስለዚህ ኤሊ ከነድንጋይዋ በአንድ ጊዜ ብቅ ያለች ትመስል ነበር።

በ2008 ግን ነገሩ ተለወጠ። ሊ ቹንና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ ቻይና በጉይጆ ክፍለ ሀገር ከተገኘ 220 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው የባሕር ደለል አንድ እንስሳ አውጥተው አስተዋወቁ። ስሙን ኦዶንቶኬሊስ ሴሚቴስታሴያ አሉት፤ ትርጓሜውም ባለ ጥርሷና ባለ ግማሽ ድንጋይዋ ኤሊ እንደ ማለት ነው። የሆድ ሰሌዳው ሙሉ ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ሰሌዳ የለውም፤ ያሉት የሰፉ ጎድኖች ብቻ ናቸው። በቆዳው ላይ የተነጠፈ የአጥንት ጠጠር አልተገኘም። ያን ጊዜ አንዳንድ ሊቃውንት «ምናልባት ቀድሞ የነበረው የጀርባ ድንጋይ በውሃ ኑሮ ምክንያት ሳስቶ ይሆናል» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬ በውቅያኖስ የሚኖረውና ክብደቱ ከ500 ኪሎ ሊበልጥ የሚችለው ባለ ቆዳ ጀርባ ኤሊ የቅድመ አያቶቹን ጠንካራ ድንጋይ እንዲሁ ጥሎታልና። ነገር ግን በ2015 ራይነር ሾክና ሃንስ ዲተር ሱስ ከጀርመን ፓፖኬሊስን ይዘው መጡ። የስሙ ትርጓሜ አያት ኤሊ ማለት ነው። ዕድሜው 240 ሚሊዮን ዓመት፥ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመልኩ እንሽላሊት ይመስላል። ጎድኖቹ ግን ሰፊና ወፍራም ናቸው፤ በሆዱም ላይ ወፋፍራም የሆድ ጎድኖች ተደርድረው፥ አንዳንዶቹም እርስ በርሳቸው መጣበቅ ጀምረዋል። የሆድ ሰሌዳው ሲጀመር በዓይን ታየ ማለት ነው።

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። ነገሩ ይበልጥ የሚጥመኝም እዚህ ነው። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በተባለው ደረቅ አገር፥ ዩኖቶሳውረስ አፍሪካኑስ የሚባል 260 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየ ትንሽ እንስሳ ይገኛል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሃሪ ሲሊ ነው፤ ዘመኑም 1892 ነበር። ዘጠኝ ጥንድ ሰፋፊ ጎድኖችና ዘጠኝ ረዣዥም የጀርባ አከርካሪዎች አሉት። በ1914 ዋትሰን የተባለው ሊቅ «ይህ የኤሊ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» አለ። በ1969 ደግሞ ኮክስ የሚባል ሌላ ሊቅ ነገሩን እንደ ገና መርምሮ ዝምድናውን ውድቅ አደረገው። የሰፉት ጎድኖች መመሳሰል ብቻውን አይበቃም ተባለ፤ እንስሳውም በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ኦዶንቶኬሊስ ከተገኘ በኋላ ግን፥ ሙሉ ድንጋይ ካላት ኤሊ ጋር ሳይሆን ግማሽ ድንጋይ ካላት ጋር ሲተያይ፥ መመሳሰሉ ጎልቶ ወጣ። ከ2010 ጀምሮ ታይለር ላይሰንና ባልደረቦቹ ጉዳዩን እንደ ገና አነሡት።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ጎድንን ማስፋት ለእንስሳ ጉዳት ነው። ጎድን በቀጭንነቱ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም አካል እንደ ልብ ይወዛወዛል፤ እንሽላሊት በፍጥነት ለመሮጥ ጎኗን ወዲያና ወዲህ ማጣመም አለባት። ጎድኑ ከሰፋና ከተደራረበ ግን አካሉ ደረቅ ይሆናል፤ እርምጃው ያጥራል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከዚህም በላይ እኛ የምንተነፍሰው ጎድኖቻችንን እያነሣንና እያወረድን ስለሆነ፥ ጎድን ሲታሰር ትንፋሽም ይታወካል። በ2014 የታተመ ምርመራ እንዳሳየው፥ የኤሊ ወገን ጎድኑ እየደረቀ ሲሄድ የመተንፈሱን ሥራ ቀስ በቀስ ለሆድ ጡንቻዎች አስረክቧል፤ አንዱ ጡንቻ ሲስብ አየር ይገባል፤ ሌላው ሲጨምቅ ይወጣል። ይህ ሁሉ ኪሣራ ነው። እንግዲህ ጋሻ ሆኖ ለማገልገል ገና ሚሊዮን ዓመታት ለሚቀረው፥ እርስ በርሱም ላልተያያዘ ጎድን ይኸን ያህል ዕዳ የተከፈለው ስለ ምን ነው? ጠላት ሲመጣ መሮጥ የማይችል፥ ድንጋይም ገና ያላገኘ እንስሳ ከሁሉ የከፋ አይደለምን?

በ2016 ላይሰንና ባልደረቦቹ ያቀረቡት መልስ «ለመቆፈር» የሚል ነው። ዩኖቶሳውረስ ትልልቅ እጆችና ረዣዥም ጥፍሮች ነበሩት። የክንዱ አጥንት ላይ ብርቱ ጡንቻ የሚያያዝባቸው ጉብታዎች አሉ። የዓይኑ ቀለበት አጥንት በጨለማ ለማየት የተመቸ መሆኑን ያመለክታል። አፈር በእጁ የሚቆፍር እንስሳ በአንድ እጁ አፈሩን ሲገፋ አካሉ እንዳይጠመዘዝበት የጸና መሠረት ያስፈልገዋል፤ ሰፊና ደረቅ ጎድን ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ድንጋይ የሚፈነቅል ሠራተኛ እግሩን ካላጸና ዶማው ራሱን እንደሚያዞረው ማለት ነው። ለሚሮጥ ጉዳት የሆነው ነገር ለሚቆፍር ጥቅም ሆነ። ከዚያም ጎድኑ ከሰፋ በኋላ፥ ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ ተያይዞ ጋሻ ለመሆን በቃ። ኤሊ መከላከያዋን ያገኘችው ለመከላከል ስትሠራ ሳይሆን ጉድጓድ ስትቆፍር ነው ማለት ነው።

ቆፋሪ ኤሊ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው በረሓማ አገር የሚኖረው፥ በዋና ምድር ላይ ካሉት የየብስ ኤሊዎች ሁሉ በትልቅነቱ የሚበልጠው ባለ መውጊያ ኤሊ፥ ከፀሐይ ለመጠለል ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው የሚኖረው። ይህን ስል ግን እርሱ የዩኖቶሳውረስን ሥራ እንደ ውርስ ይዞ ቆየ ማለቴ አይደለም፤ በመካከሉ 260 ሚሊዮን ዓመት አለና። የቁፋሮ ሥራና የደረቀ አካል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ግን በዓይን ያሳያል።

አሁን ፍርዴን ልስጥ። የቁፋሮው አስተያየት ስለ ጎድኖቹ መስፋት እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የተሻለ ነው እላለሁ። ስለ ሆዱ ሰሌዳ ግን ያን ያህል አልረካሁበትም። ኦዶንቶኬሊስ የተገኘው ከባሕር ደለል ነው፤ ሆዱ ተከድኖ ጀርባው ባዶ መሆኑም፥ በውሃ ውስጥ ለሚንሳፈፍ እንስሳ አደጋ ከታች የሚመጣ መሆኑን ለሚናገሩት ወገኖች ጥሩ መከራከሪያ ይሰጣል። ደግሞም በ2018 ከዚያው ከጉይጆ ኢዮሪንኮኬሊስ የተባለ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ትልቅ እንስሳ ተገኝቷል፤ 228 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየ ነው፤ ጎድኖቹ ሰፊ ናቸው፤ ድንጋይ ግን ጨርሶ የለውም፤ ሆኖም እንደ ዛሬዋ ኤሊ የአፍ መንቁር አለው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ኦዶንቶኬሊስ ደግሞ የሆድ ሰሌዳ እያለው መንቁር የለውም፤ ባለ ጥርስ ነው። እንግዲህ ነገሩ እንደ መሰላል አንዱ በአንዱ ላይ እየተረገጠ የወጣ አይደለም፤ አንዱ ቅርንጫፍ ይኸን ሲያስቀድም ሌላው ያንን አስቀድሟል። ዩኖቶሳውረስን ራሱን ከኤሊ ዘር የሚያስወጡ ሊቃውንትም አሉ። የዘር ውርስ ምርመራ በበኩሉ ኤሊን ከእንሽላሊት ይልቅ ለአዞና ለወፍ የቀረበች ዘመድ አድርጓታል፤ ይህን የሚያሳዩ ሰፋፊ ጥናቶች በ2012ና በ2013 ወጥተዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። አልተዘጋም ማለት ግን ማንኛውም አስተያየት ከማንኛውም እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ጎድኑ ከቆዳ ጠጠር መጣ የሚለው ወገን ዛሬ እጅግ ደክሟል።

አንድ የቆየ ተቃውሞ አለ፤ በወጣቶች መካከልም ብዙ ጊዜ ይሰማል። «ግማሽ ድንጋይ ምን ይጠቅማል? ሙሉ ካልሆነ አያድን፤ ካላደነ እንዴት ሙሉ እስኪሆን ቆየ?» የሚል ነው። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ስለ ኤሊ ባይሆንም ስለ ሌሎች ብልቶች በ1871 አጥብቆ ያቀረበው ሚቫርት የተባለው እንግሊዛዊ ነበር፤ ዳርዊንም በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፉ ስድስተኛ እትም ላይ መልስ ሰጥቶበታል። ጥያቄው የብልህ ጥያቄ ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። ስሕተቱ ያለው «ግማሽ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ግማሽ ብለን የምንጠራው እኛ መጨረሻውን ስላየን ነው። ፓፖኬሊስ በሐይቁ ዳር ሲኖር ያላለቀ ኤሊ አልነበረም፤ ሙሉ ፓፖኬሊስ ነበር። ጎድኑ ለራሱ ቀን ሥራ የተመቸ ነበር፤ ለልጅ ልጆቹ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ያጠራቀመው ነገር የለም።

ጥቅሙም ከዚያ ወዲህ ቢሆን በአንድ አልጸናም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት ባለ ቀለም ኤሊዎች ክረምቱን በበረዶ በተከደነ ኩሬ ሥር ለወራት ሳይተነፍሱ ያሳልፋሉ። አየር በሌለበት ጊዜ በደማቸው ውስጥ የሚጠራቀመውን ኮምጣጣ አሲድ የሚያበርዱት ከድንጋያቸው በሚያወጡት ማዕድን ነው። ድንጋዩ ለእነርሱ ጋሻም መድኃኒት ቤትም ነው። «ታዲያ ድንጋዩ የተሠራው ለክረምት ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? ከክፍሉ ተማሪ የሚለየው በምንድን ነው?

ነገሩ የኤሊ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይኸን ያህል ቦታ ባላስያዝኩት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የሚገቡ ወጣቶች አንድ ቅጽ በአራት ቅጂ ለምን እንደሚሞላ ሲጠይቁ «ለቁጥጥር ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ መልሱም የዛሬውን ጥቅም ሊነግር ይችላል። አራተኛው ቅጂ ግን ሲጀመር ለሌላ ነገር፥ ምናልባትም ዛሬ ለሌለ ክፍል የተጀመረ ሊሆን ይችላል። መነሻውን ያልመረመረ ሰው ቅጂውን ለማስቀረትም ሆነ ለማቆየት በቂ ምክንያት የለውም፤ የሚያደርገው ሁሉ በግምት ነው። ለመምህራንም የማቀርበው አሳብ ይኸው ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይ «ድንጋዩ ለኤሊ ምን ይጠቅማታል?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት፤ ነገር ግን ከሥሩ «ይኸ ጥቅም ለመነሻው ማስረጃ ይሆናልን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሩበት። ለሁለተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ አይሆንም፤ ለዚህም ነው የሚጠቅመው።

ስለ ሹማምንት ካነሣሁ አይቀር፥ ዳርዊን በ1835 ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ ኤሊዎቹ እንደየደሴታቸው የተለያዩ መሆናቸውን የነገረው ሊቅ አልነበረም። ሎሰን የሚባል የደሴቶቹ ምክትል ገዥ ነበር፤ አንዲት ኤሊ ቢያመጡለት ከየትኛው ደሴት እንደ መጣች መናገር እንደሚችል ነገረው። ዳርዊን በጊዜው ለነገሩ የሚገባውን ያህል ትኩረት አለመስጠቱን በኋላ ራሱ ጽፏል። ገዥው የተሾመው እስረኞችንና ሰፋሪዎችን እንዲያስተዳድር እንጂ ኤሊ እንዲመለከት አልነበረም።

ወደ ዩኖቶሳውረስም ስንመለስ የሚገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው። የቁፋሮው አስተያየት የቆመው በእጅና በእግር አጥንቶች ላይ ነው፤ እነዚህ ትንንሽ አጥንቶች ደግሞ ከሁሉ ቀድመው የሚበተኑና የሚጠፉ ናቸው። እጅና እግሩ ሳይፈርስ እንደ ተጋጠመ የተገኘውን ዋናውን ናሙና ያገኘው በምዕራብ ኬፕ በአባቱ እርሻ ላይ ሲዘዋወር የነበረ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ድንጋዩን አልወረወረውም፤ በአቅራቢያው ወዳለችው ትንሽ ከተማ ሙዚየም ወሰደው። በዚያ የነበሩት ሰዎች «ሂድ፥ ተጫወት» ብለው አላባረሩትም፤ ተቀብለው አስቀመጡት። በኋላ ላይሰን ያለዚያ ልጅ ይኸ ጥናት ሊሠራ እንደማይችል በይፋ ተናግሯል።

በአገራችን ደግሞ የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የጥንት ባሕር ፍጥረታትን ቅሪት ይዞ ይገኛል፤ አፋር ምድር በ1974 በሐዳር ሉሲን ወይም ድንቅነሽን ሰጥቷል። መንገድ የሚቆርጥ ሠራተኛ፥ ጉድጓድ የሚያወጣ ገበሬ፥ ከብት የሚጠብቅ ልጅ እንግዳ የሆነ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢመጣ የሚቀበለው ይኸን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣቶች አንዱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ የሚያስታውቅበትን ሰው ፊት ግን አዋጅ አይሠራውም። ድንጋዩ ሲመጣ በውሃ ማጠብ፥ በቢላዋ መፋቅ፥ ምን እንዳለበት ለማየት መስበር አይገባም። የተገኘበት ቦታ፥ ቀኑ፥ ያገኘው ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ፤ ቦታው ያልታወቀ አጥንት ዕድሜው አይታወቅምና። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ይላክ። ምናልባት ተራ ድንጋይ ይሆናል፤ የመላኪያውም ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ያ የደቡብ አፍሪካ ልጅ የወሰደውም ቢሆን ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ፥ በሁለት የልጅ እጅ የሚያዝ ነበር።